ዋና ከተማ ሊሆን ታስቦ ደብር የሆነው ግቢ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አዲስ ዓለም ትገኛለች። ከከተማዋ ከፍ ብሎ በኮረብታው ላይ የሚታየው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የሸዋን ክብ አብያተ ክርስቲያናት የለመደ ሰው ቅርጹን ሲያይ ይገረማል፤ ሕንፃው ረጅምና ባለ አራት ማዕዘን ነው። ሲጀመር የታነጸው የቤተ መንግሥት አዳራሽ እንዲሆን ነበርና።

ነገሩ የመጣው ከማገዶ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ 15 ዓመት ሳይሞላት እንጨት አጠራት። የቤተ መንግሥቱ ግብር፣ የመኳንንቱ ማድ ቤት፣ የሠራዊቱ ሰፈር፣ በየጊዜው የሚሠራው ቤት፣ ሁሉም እንጨት ይፈልጋል። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ተመነጠረ፤ ማገዶ ከሩቅ መጫን ግድ ሆነ። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለው ችግር የታወቀ መላ ነበረው፤ ሰፈር መቀየር። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ሲዛወሩ የኖሩ ናቸው። በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ደን ያልጠፋውን የኤጄሬን አገር መረጡ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። በኮረብታው ላይ የግቢው ሥራ ተጀመረ። ከአዲስ አበባም በዘመኑ ብርቅ የነበረ ጥርጊያ መንገድ ወጣ።

የተያዘው ሐሳብ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ቤት ሠርተው ነበርና ነቅሎ መሄዱን አልወደዱትም። መኳንንቱም በድንጋይ የተሠራ ቤት እንደ ድንኳን ተጠቅልሎ እንደማይጫን ያውቃሉ። ከሁሉ በላይ ባሕር ዛፍ ደረሰ። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ዋና ከተማን ከቦታ ቦታ ሲያዞር የኖረው የማገዶ ጣጣ በዚህ ዛፍ ተቃለለ፤ አዲስ አበባም ባለችበት ጸናች።

የተጀመረው ግቢስ ምን ይሁን? እኔን የሚደንቀኝ የምኒልክ ውሳኔ እዚህ ላይ ነው። አዳራሹን አፍርሰው ድንጋዩን ለሌላ ሥራ ማስጫን ይችሉ ነበር፤ ወይም ለአንድ ሹም መስጠት። እሳቸው ግን ለእመቤታችን ሰጡት። ነገሥታት ለግብር ሊቀመጡበት የታሰበው ቤት ካህናት ማሕሌት የሚቆሙበት ሆነ፤ ግድግዳውም በሥዕል አጌጠ። ክብሩም እንደ ተራ አጥቢያ አልነበረም፤ ደብሩ የአክሱም ጽዮንን ማዕረግ እንዲከተል ተደርጎ አለቃው ንቡረ ዕድ ተባለ። ይህ ስም የአክሱም ጽዮን አለቃ መጠሪያ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለዚህች ቦታ ምን ያህል ያስቡ እንደነበር ይህ ብቻ ይነግረዋል።

በእኔ እምነት ሕንፃውን እስከ ዛሬ ያቆየውም ይኸው ስጦታ ነው። ነገሥታት ትተዋቸው የሄዱ ሰፈሮች ብዙዎቹ ሣር በቅሎባቸዋል፤ ግንባቸውም ለጎረቤት አጥር ሆኗል። ታቦት የገባበት ቤት ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚያየው፣ አጥሩ ሲወድቅ የሚያነሣው ሰው አያጣም። የአዲስ ዓለም ካህናትና ምእመናን ከመቶ ዓመት በላይ የጠበቁት ደብራቸውን ብቻ አይደለም፤ የአገሪቱ ዋና ከተማ ወዴት ይሁን ተብሎ የተመከረበትን ዘመን ምስክርም ጭምር ነው። ነገሥታቱ ለደብሩ የሰጧቸው ቅርሶችም በዚያው ተጠብቀው ይታያሉ።

ይህን ሁሉ ሸክም ግን ለአንድ ደብር ካህናት ብቻ መተው አይገባም። አሮጌ ሥዕልና አሮጌ እንጨት የባለሙያ እጅ ይፈልጋሉ፤ ቅርስ እንዲጠብቁ ኃላፊነት የተሰጣቸው ሁሉ ሳይረፍድ ይድረሱለት። የታሪክ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የአዲስ አበባን ታሪክ ያለ አዲስ ዓለም ማስተማር ጎደሎ ነው።