ጥያቄን በሥርዓት የማቅረብ ጥበብ፤ ከፍራንክሊን ደብዳቤ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ሳናነብ እርሳስ እንድናነሣ አይፈቅዱልንም ነበር። ያልገባንን ጥያቄ በአጋጣሚ ብንመልሰው እንኳ እንዳልመለስነው ይቈጥሩብን ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ጊዜ ማባከን ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን በእጅ ስልካችን ለማሽን ጥያቄ አቅርበን በጥቂት ሰከንዶች መልስ የምንቀበል ስለ ሆነ፣ የመምህራችን ሥርዓት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የምንሻው፣ ሰዎች የዕለት ችግራቸውን ለመፍታት ጥያቄን በሥርዓት የማቅረብን ዘዴ እንዴት እንዳዳበሩና ይኸው ዘዴ እንዴት ወደ ማሽን እንደ ተላለፈ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ታሪኩን ከአንድ ተራ ችግር እንጀምራለን። በ1772 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሰባኪና የተፈጥሮ ተመራማሪ በሊድስ ከተማ ሲያገለግል ሳለ፣ ሎርድ ሸልበርን የተባለው መስፍን የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ እንዲሆንለት ጠየቀው። ፕሪስትሊ ቤተሰቡን ይዞ ይሂድ ወይስ ይቅር? ነገሩ ቢቸግረው ወዳጁን ቤንጃሚን ፍራንክሊንን አማከረ። ፍራንክሊንም ሴፕቴምበር 19 ቀን 1772 ከለንደን በጻፈው ደብዳቤ፣ የነገሩን ዝርዝር ስለማያውቅ ምን እንደሚወስን ሊመክረው እንደማይችል፣ እንዴት እንደሚወስን ግን ሊያሳየው እንደሚችል ገለጸለት።

ዘዴውም እንዲህ ያለ ነው። አንድ ወረቀት በመስመር ለሁለት ይከፈላል፤ በአንደኛው ወገን የሚደግፈው፣ በሁለተኛው ወገን የሚቃወመው ምክንያት ይጻፋል። ምክንያቶቹ በአንድ ጊዜ ወደ አእምሮ ስለማይመጡ ሦስት ወይም አራት ቀን ይጠበቃል። ከዚያም ክብደታቸው እኩል የሆኑት ከሁለቱም ወገን ይሰረዛሉ፤ አንዱ ምክንያት ሁለቱን የሚመዝን ከሆነ ሦስቱም ይሰረዛሉ። በመጨረሻ የቀረው ሚዛኑ ወዴት እንዳደላ ያሳያል። ፍራንክሊን የምክንያቶች ክብደት እንደ አልጀብራ ቊጥር በትክክል ሊለካ እንደማይችል አልሸሸገም፤ ነገር ግን ሁሉም በዐይን ፊት ሲቀርብ ሰው የችኰላ ውሳኔ ከመወሰን እንደሚድን ያምን ነበር። ፕሪስትሊ ሥራውን ተቀበለ፤ በ1774 በዚያው መስፍን ግቢ ሲመራመር ዛሬ ኦክሲጅን የምንለውን አየር ለይቶ አገኘ።

ይህ ዘዴ ምክንያቶችን ያሰልፋል እንጂ አእምሮ ራሱ እንዴት እንደሚያስብ አይናገርም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ኬኔት ክሬክ ነው። በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የውጭውን ዓለም ትንሽ አምሳያ በአእምሮው እንደሚይዝና ድርጊቱን አስቀድሞ በዚያ አምሳያ ላይ እንደሚሞክር አስረዳ። የአእምሮ አምሳያ የሚባለው ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ክሬክ ግን ሐሳቡን ሳያስፋፋው በ1945 በ31 ዓመቱ ሞተ።

በዚያው በ1945 የቡዳፔስት ተወላጅ የሆነው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ ችግር እንዴት እንደሚፈታ የሚያስተምር መጽሐፍ በአሜሪካ አሳተመ። የፖልያ መንገድ አራት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ችግሩን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸምና ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ናቸው። መጽሐፉ አብዝቶ የሚያስተምረው በጥያቄ ነው፤ የማይታወቀው ነገር ምንድር ነው? የተሰጠንስ ምንድር ነው? ይህን የሚመስል ችግር ከዚህ በፊት አይተናልን? እያለ ተማሪው ራሱን እንዲጠይቅ ያደርጋል።

ከፖልያ ዘንድ በስታንፎርድ ከተማሩት አንዱ አለን ኒዌል ነበር። ኒዌል ከኸርበርት ሳይመንና ከክሊፍ ሾው ጋር ሆኖ በ1957 «ጠቅላላ ችግር ፈቺ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጀ። ፕሮግራሙ አሁን ያለውን ሁኔታ ከሚፈለገው ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱንም የሚቀንስ እርምጃ ይመርጣል። ሆኖም መነሻውና መድረሻው ተለይቶ የተጻፈለትን ችግር እንጂ እንደ ፕሪስትሊ ያለውን የኑሮ ችግር ሊፈታ አልቻለም።

በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠራው «ኤላይዛ» የተባለው ፕሮግራም ሌላ ነገር አሳየ። ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ዐረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ መልክ ከመመለስ በቀር የሚያስተውለው አልነበረም። ነገር ግን የሊቁ ጸሐፊ፣ ፕሮግራም መሆኑን እያወቀች፣ ብቻዋን ልታነጋግረው ፈልጋ አሠሪዋን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ዋይዘንባውም በዚህ ደንግጦ፣ ዳኝነትን የሚሹ ሥራዎች ለኮምፒዩተር እንዳይተዉ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ አስጠነቀቀ።

ዛሬ የምንጠቀምባቸው ማሽኖች ከዚህ እጅግ የራቁ ናቸው። ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ለሕዝብ የቀረበው ቻትጂፒቲና ወንድሞቹ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ከተማሩ በኋላ ለቀረበላቸው ቃል ተከታዩን ቃል እየገመቱ የሚመልሱ ናቸው። ስለዚህ የምናቀርብላቸው መጠየቂያ፣ ፕሮምፕት የሚባለው፣ የመልሱን መንገድ ይወስናል። በ2022 ታኬሺ ኮጂማና ባልደረቦቹ አንድን እንዲህ ያለ ማሽን በሒሳብ ጥያቄዎች ፈትነውት ነበር። ያለ ምንም ምክር ሲጠየቅ ከመቶ 17.7 ያህሉን ብቻ መለሰ፤ ደረጃ በደረጃ እንዲያስብ የሚያዝ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ሲጨመርለት ግን 78.7 ደረሰ። ማሽኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠያየቁ ነው።

ይህን ታሪክ ካጠናን በኋላ በራሳችን ላይ ሞከርነው። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ክረምቱን በአዲስ አበባ ልጆች እያስጠና ገንዘብ ያገኝ ወይስ አገር ቤት ወርዶ እናቱን በጤፍ አረም ይርዳ የሚል ጭንቀት ነበረበት። በመጀመሪያ ማሽኑን «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ጠየቀው። የመጣው መልስ ያማረ ነበር፤ ለማንም ተማሪ የሚሆን ስለ ነበር ግን ለእርሱ አልሆነም። ቀጥሎ የፍራንክሊንን ሁለት ዐምድ በወረቀት ላይ ሠርተን፣ ያለውን ሁሉ ጽፈን፣ ማሽኑ መልስ ከመስጠቱ በፊት የጐደለውን እንዲጠይቀን አዘዝነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ማሽኑ፣ አረሙ ሁለቱንም ወር ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀ። ከእኛ መካከል ይህን ያሰበ አልነበረም። ጓደኛችን ወደ እናቱ ደውሎ አረሙ በነሐሴ መሆኑን ተረዳ። ነገር ግን ማሽኑ ባወጣው የቀን ሰሌዳ ላይ ሐምሌ 1 ቀንን እንደ ጁላይ 1 ቈጥሮት ነበር፤ በእውነቱ ጁላይ 8 ነው። የፖልያን አራተኛ ደረጃ ባንጠብቅ ኖሮ የአንድ ሳምንት ስሕተት ባለፈን ነበር። ከዚህም በላይ የእናቱን ድካም በቀን ሠራተኛ ዋጋ ተምኖ «በገንዘብ ይተካል» ሲል ደመደመ። ጓደኛችን ያን መስመር ሰርዞ፣ በራሱ እጅ ከሁሉ በላይ አድርጎ ጻፈው። በመጨረሻም ሐምሌን አስጠንቶ ነሐሴን ወደ እናቱ ሄደ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ማሽኑ ያልታየንን ጥያቄ ሊያሳየን ቢችልም የምክንያትን ክብደት ሊወስንልን እንደማይገባው ነው። ፍራንክሊንም የነገሩን ዝርዝር ስለማያውቅ ለወዳጁ ከመወሰን ተቈጥቦ ሚዛኑን ለባለቤቱ ተወለት። በአገራችንም በቀድሞው የተጠየቅ ሙግት ተሟጋቾቹ በጥያቄ ይፋጠጡ እንጂ ፍርዱ የዳኛው ነበር። ማሽኑን ከተሟጋቾቹ ወገን ብናቆመው ይጠቅመናል፤ ከዳኛው ወንበር ብናስቀምጠው ግን የገዛ ኑሯችንን ፍርድ አሳልፈን መስጠታችን ነው።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለማሽኑ ከመጻፋቸው በፊት ጥያቄያቸውን በወረቀት ላይ እንዲጽፉት፣ ሁለት ጊዜም እንዲያነቡት እናሳስባለን። መምህሮቻችንም በፈተና ላይ መልሱን ብቻ ሳይሆን ተማሪው ጥያቄውን እንዴት እንደ ተረዳው ቢመረምሩ፣ ከማሽኑ ጋር የምንኖርበትን ዘመን በተሻለ ዝግጅት እንቀበለዋለን ብለን እናምናለን።