በአጥር ውስጥ ያደገ ነፃ ገበያ
መርካንቲሊዝም ሞቶ ካፒታሊዝም ተወለደ ሲሉኝ አልዋጥልኝ ይላል። እስቲ ጨርቁን እንይ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እንግሊዝ በ1700 የሱፍና የሐር ሸማኔዎቿ ቢጮኹባት፣ እኛ ቺት የምንለው ዓይነት ባለ አበባ የሕንድ ጨርቅ ለአገሬው እንዳይሸጥ ከለከለች። አልበቃ ሲላት በ1721 መልበሱንም አገደች፤ የሴቱን ቀሚስ ፓርላማ ይመርጥ ነበር ማለት ነው! የላንክሻየር የጥጥ ኢንዱስትሪ ያደገው በዚህ አጥር ውስጥ ነው። እገዳው እዚያው ለሚሠራ የጥጥ ጨርቅ የተነሣው በ1774 ሲሆን፣ አዳም ስሚዝ መርካንቲሊዝምን የተቸበት መጽሐፍ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስሚዝ ራሱ በ1778 የስኮትላንድ ጉምሩክ ኮሚሽነር ሆኖ ተሾመ፤ ያው ቀረጥ አስከባሪ። ማንችስተር ንግድ ነፃ ይሁን ብላ ተነሥታ፣ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ የሚጥለውን ሕግ በ1846 ያሰረዘችውም የሕንድን እጅ ፈታይ በማሽን ከቀደመች በኋላ ነው።