የስፖርት ጣቢያዎችና የክፍያ ቴሌቪዥን አቅራቢዎች የስርጭት ውዝግብ

የስርጭት ውዝግብ ማለት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያና ጣቢያውን ለተመልካች የሚያደርሰው የኬብል ወይም የሳተላይት ድርጅት በዋጋ ወይም በአቀራረብ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚነሳ አለመግባባት ነው። ስምምነት ካልተገኘ ጣቢያው ከአቅራቢው ዝርዝር ይወጣል፤ ወይም ከመጀመሪያውም አይገባም። ወርሃዊ ክፍያውን በወቅቱ የከፈለው ደንበኛ የሚፈልገውን ጨዋታ ሳያይ ይቀራል። ውዝግቡ በስፋት የታየው በዩናይትድ ስቴትስ በኮሌጅ ስፖርት ጣቢያዎች ላይ ነው። በአፍሪካ ተመሳሳይ ነገር የተከሰተው በእግር ኳስ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መታየት ከጀመሩ በኋላ ነው።

አሠራሩ

የክፍያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ገቢ ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛውና ለስፖርት ጣቢያዎች ዋናው፣ አቅራቢው በእያንዳንዱ ደንበኛ ልክ በየወሩ ለጣቢያው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ለምሳሌ አንድ ጣቢያ በደንበኛ 1 ዶላር ቢጠይቅና አቅራቢው 10 ሚሊዮን ደንበኛ ቢኖረው፣ ሒሳቡ በወር 10 ሚሊዮን፣ በዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ይህን ገንዘብ ኳስ የሚወደውም የማይወደውም ደንበኛ ሳያውቀው ይከፍለዋል፤ ምክንያቱም በወርሃዊ ሒሳቡ ውስጥ ተካቷል።

ስለዚህ ከዋጋው ባልተናነሰ የሚያጨቃጭቀው ጣቢያው የሚገባበት ፓኬጅ ነው። ጣቢያው ሁሉም ደንበኛ በሚያገኘው መሠረታዊ ፓኬጅ ውስጥ መግባት ይፈልጋል። አቅራቢው ግን ፈላጊው ብቻ ተጨማሪ ከፍሎ በሚያገኘው የስፖርት ፓኬጅ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይወዳል። በሁለቱ መካከል ያለው የገቢ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ድርድሩ ብዙ ጊዜ የሚከረው የውድድር ዘመን ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ሲሆን፣ ይህም በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። ተመልካቹ የሚቆጣበት ሰዓት ለጣቢያው ጥሩ የመደራደሪያ ሰዓት ነው።

የኮሌጅ ስፖርት ጣቢያዎች በዩናይትድ ስቴትስ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዩኒቨርሲቲ ቡድን በቴሌቪዥን ገንዘብ ያመጣል ማለት እንግዳ ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ ግን የተማሪዎች የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በሚይዙ ስታዲየሞች ጭምር ይካሄዳል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው ይወዳደራሉ፤ የስርጭት መብታቸውንም በአብዛኛው በጋራ ይሸጣሉ። አንድ ኮንፈረንስ የራሱን ጣቢያ ማቋቋም የጀመረው በማውንቴን ዌስት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ይህ ጣቢያ በ2012 ተዘግቷል።

ትልቁ ፍጥጫ የመጣው ከቢግ ቴን ኔትወርክ ጋር ነው። ጣቢያው ነሐሴ 30 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር የአገሪቱ ትልቁ የኬብል ድርጅት ኮምካስት አልተቀበለውም ነበር። ጣቢያው የኮንፈረንሱ ዩኒቨርሲቲዎች በሚገኙባቸው ስምንት ክፍለ ግዛቶች በደንበኛ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ገደማ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ 10 ሳንቲም ገደማ ይጠይቅ ነበር። ኮምካስት በበኩሉ ጣቢያው በስፖርት ፓኬጅ ውስጥ እንዲገባ ነበር የፈለገው። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 1፣ ጣቢያው ያስተላለፈው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲና የአፓላቺያን ስቴት ጨዋታ ነበር። ከዝቅተኛው ደረጃ የመጣው አፓላቺያን ስቴት ሚሺጋንን በገዛ ሜዳው 34 ለ 32 አሸነፈ። በኮሌጅ እግር ኳስ ታሪክ እጅግ ያልተጠበቀ ከሚባሉት ውጤቶች አንዱ የሆነውን ይህን ጨዋታ በራሱ በሚሺጋን የሚኖር የኮምካስት ደንበኛ በቤቱ ሊያይ አልቻለም። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በሰኔ 2008 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ሙሉ አንድ የውድድር ዘመን አልፏል።

ሎንግሆርን ኔትወርክ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የተቋቋመ ጣቢያ ነበር። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲና ኢኤስፒኤን ለ20 ዓመት በ300 ሚሊዮን ዶላር ተዋውለው እ.ኤ.አ. በ2011 ከፈቱት። ብዙ አቅራቢዎች ለአንድ ትምህርት ቤት ጣቢያ ለመክፈል ስላልፈለጉ ለዓመታት በጥቂት ቤቶች ብቻ ይታይ ነበር። የጣቢያው መከፈት በኮንፈረንሱ ውስጥ ቅሬታን አስነሳ፤ ተቀናቃኙ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በዓመቱ ወደ ሌላ ኮንፈረንስ ሄደ።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠው የፓክ 12 ጉዳይ ነው። በአገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል ያሉ 12 ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 አንድ አገር አቀፍና ስድስት ክልላዊ ጣቢያዎችን ከፈቱ። ከቢግ ቴን የሚለዩት ባለቤትነቱን ለማንም ሳያካፍሉ ሙሉ በሙሉ መያዛቸው ነበር። ቢግ ቴን ግማሽ ያህሉን ድርሻ ለፎክስ ስለሰጠ፣ ከአቅራቢዎች ጋር ሲደራደር ከጀርባው ሌሎች ተፈላጊ ጣቢያዎች ያሉት ኩባንያ ነበረው። ፓክ 12 ግን ብቻውን ቆመ። ያኔ 20 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች የነበሩት የሳተላይት አቅራቢው ዳይሬክቲቪ ጣቢያዎቹን አልተቀበለም፤ እስከ መጨረሻውም አልተቀበለም። ገቢው ከተቀናቃኞቹ እያነሰ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለመልቀቅ ወሰኑ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በ2024 የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። ጣቢያዎቹ ሰኔ 30 ቀን 2024 ተዘጉ። ሎንግሆርን ኔትወርክም የተዘጋው በዚያው ቀን ነው። ኮንፈረንሱን ያፈረሰው ይህ ውዝግብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መሆኑ አያከራክርም።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ኤስኢሲ ኔትወርክ በኢኤስፒኤን ባለቤትነት ስለመጣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአብዛኞቹ ትልልቅ አቅራቢዎች ዘንድ ገብቷል። ያም ሆኖ ትልቅ ባለቤት መኖሩ ውዝግብን አያስቀርም። የኢኤስፒኤን ባለቤት ዲዝኒ ከቻርተር ጋር በ2023፣ ከዳይሬክቲቪ ጋር በ2024 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ሳይስማማ ቀርቶ ጣቢያዎቹ የተቋረጡት የኮሌጅ እግር ኳስ በሚጀመርበት ሰሞን ነበር። ሁለቱም ጊዜ መቋረጡ ሁለት ሳምንት አልሞላም ወይም ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቷል።

በአፍሪካ

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ዲኤስቲቪ የመልቲቾይስ ኩባንያ አገልግሎት ሲሆን ሱፐርስፖርት ደግሞ የዚያው ኩባንያ የስፖርት ጣቢያ ነው። ጣቢያውና አቅራቢው አንድ ስለሆኑ የአሜሪካው ዓይነት ውዝግብ በመካከላቸው ሊነሳ አይችልም። ሽኩቻው ወደ ስርጭት መብት ግዢው ይሸጋገራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በኮትዲቯር የተካሄደው የ2023 የአፍሪካ ዋንጫ ነው። መብቱን የያዘው የቶጎው ኒው ወርልድ ቲቪ ስለነበር፣ ሱፐርስፖርት በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ውድድሩን እንደማያስተላልፍ አስታወቀ። የደንበኞች ቁጣ በብዙ አገሮች ተሰማ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተስማምተው 52ቱም ጨዋታዎች ታዩ። መልቲቾይስ ራሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ ሥር ገብቷል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን ብቻ የሚያስተላልፍ የክፍያ ጣቢያ የለም። አብዛኛው ቤተሰብ የሚያየው ዲሽ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ከተተከለ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ የሌለበትን የሳተላይት ስርጭት ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢትዮሳት በኩል በነፃ ይገኛሉ። ዲኤስቲቪ ከዚህ የተለየ ነው፤ የራሱ ዲኮደርና ስማርት ካርድ አለው፣ ክፍያው ባለቀ ቀንም ይዘጋል። ለኢትዮጵያ ገበያ ያቀረባቸው ፓኬጆች ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ የመሳሰሉ የአማርኛ ስሞች አሏቸው።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመራው ክለቦቹ ባቋቋሙት አክሲዮን ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ዘመን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ማኅበሩ የስርጭት መብቱን ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለመልቲቾይስ ሸጠ። በአማካይ ሲሰላ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። ከመንግሥት በጀትና ከከተማ አስተዳደር ድጎማ በቀር ይህ ነው የሚባል ገቢ ላልነበራቸው ክለቦች ከዚህ በፊት ያልታየ ገንዘብ ነበር። ሊጉም የቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተብሎ ተሰየመ።

የመጀመሪያው የሱፐርስፖርት ዘመን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የትግራይ ሦስት ክለቦች ስላልተሳተፉ የተወዳደሩት 13 ቡድኖች ናቸው። ውድድሩ እንደ ቀድሞው ቤትና ከሜዳ ውጭ እየተባለ አልተካሄደም። ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰባስበው በርካታ ሳምንታትን ከተጫወቱ በኋላ ወደ ቀጣዩ ከተማ ይዛወሩ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ወረርሽኙ ሲሆን፣ የማስተላለፊያ መሣሪያውን ከከተማ ከተማ በየሳምንቱ ማጓጓዝ አለማስፈለጉም ለአሠራሩ ተስማሚ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም በየከተማው መሰባሰቡ ቀጥሏል።

የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ፋሲል ከነማ ነበር። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የተመራው የጎንደሩ ክለብ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሳ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስርም 29 ግብ በማስቆጠር የሊጉን የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን ሰበረ። ነገር ግን የጎንደር ደጋፊ ቡድኑን በፋሲለደስ ስታዲየም አላየውም። ለደቡብ ጎንደር ተመልካች፣ ለምሳሌ በዴራ ወረዳ አንበሳሜ ወይም በደብረ ታቦር ለሚኖር፣ ቅርቡ የሊጉ ሜዳ ባሕር ዳር ነበር፤ እዚያም ውድድሩ የቆየው ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ሜዳው ሩቅ ስለነበር የሚቀረው አማራጭ ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ደግሞ ይከፈልበታል።

በትንንሽ ከተሞች ይህን ክፍተት የሚሞላው በተለምዶ ዲኤስቲቪ ቤት የሚባለው ነው። ባለቤቱ ወርሃዊውን ይከፍላል፤ ተመልካቹ በር ላይ ጥቂት ብር ሰጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንድ ቤተሰብ ለብቻው የማይችለውን ክፍያ ሰፈሩ ይካፈለዋል ማለት ነው። ከአሜሪካው አሠራር ጋር ሲነጻጸር ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ እዚያ ኳስ የማያየውም ይከፍላል፣ እዚህ የሚከፍለው በዚያ ሰዓት የሚያየው ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ቤት ይሞላል። በእነዚህ ቤቶች ተመልካች የሚበዛው ለእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። የአገር ውስጡ ጨዋታ ከማንቸስተር ወይም ከአርሰናል ጨዋታ ጋር በሰዓት ሲጋጭ የትኛው እንደሚከፈት የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነው፤ እሱም የሚያየው በር ላይ የሚሰበሰበውን ብር ነው።

ሌላው ችግር ምንዛሪ ነው። የስርጭት መብት የሚገዛው በዶላር ሲሆን ከደንበኛው የሚሰበሰበው ብር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይበልጥ ሰፍቷል። ክለቦች በዶላር የተዋዋሉት ገንዘብ በብር ሲመነዘር ከፍ ይላል፤ ያንኑ ዶላር በብር መሸፈን ያለበት ግን የፓኬጁ ደንበኛ ነው።