የፎገራ ረግረግና የክረምቱ ጎርፍ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች የክረምት ማረፊያ ነው። ወንዞቹ ሲሞሉ ሜዳውን ያለብሱታል፤ እንደ ሸሸርና ወለላ ያሉ ረግረጎችም ውኃውን አቁረው ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይለቁት ነበር። ውኃው ሲሸሽ መሬቱ በወተቱ ለታወቀው የፎገራ ከብት ግጦሽ፣ ለጓያም ማሳ ይሆናል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ የአምራቾች ማኅበራት ቢፈርሱም ሰብሉ አልጠፋም፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ይዞ ቀርቷል። ውኃ የሚተኛበት መሬት የአርሶ አደሩ ጎተራ ሆነ። ይሁን እንጂ ረግረጉ እየተጠነፈፈና እየታረሰ በመሄዱ ስፋቱ ቀንሷል።

ጉዳቱ የሚታየው ዝናብ ሲጥል ነው። በበጋ የረግረግ አፈር ሲሰነጠቅ አየር ይገባዋል፤ የበሰበሰው ሣርና ሥር ይብላላና ናይትሬት ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይህን ክምችት አንድ ጊዜ አጥቦ ወደ ጅረቱ ያወርደዋል። ከበሰበሰ ቅጠል የወጣው አሲድም ውኃውን ሻይ ያስመስለዋል። መሬቱ ለሳምንታት በውኃ ሲሸፈን ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ያን ጊዜ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ይቀንሱታል፤ በአንጻሩ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፈረስ ይለቀቃል። ከደጋው የሚመጣው ጎርፍም ፎስፈረስ ያዘለ ደለል ይጨምራል። ደንገልና ሣር ካለ ጎርፉ ይረጋል፤ ደለሉም እዚያው ይቀራል። ቦይ ብቻ ከሆነ ግን ሁሉም በቀጥታ ሐይቅ ይገባል።

በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ ይታወሳል። ለመስፋፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከተፋሰሱ የሚወርደው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መመዝገቡም የአካባቢውን ኃላፊነት የሚያጎላ ነው።

ሩዝ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በመሆኑ ማሳው ይተው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በቦዮች አፍ ላይ የደንገልና የሣር መቀነት ማስቀረት፣ ዩሪያን ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አለመበተን፣ የቀረውንም ረግረግ ከአዲስ እርሻ መጠበቅ ይቻላል። ታጥቦ የሄደ ማዳበሪያ አርሶ አደሩ በገንዘቡ ገዝቶ ለእምቦጭ የመገበው ነውና፣ ማኅበራትና የወረዳ አመራሮች ጉዳዩን በጋራ ሊይዙት ይገባል።