የዳጋ ነገሥታት

በከተማ ፎቅ ቤት ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጣራ ሥር እንደሚኖር፥ በጣና ሐይቅ መካከል በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ዕቃ ቤትም ነገሥታት ጎረቤት ሆነው ዐርፈዋል። እነርሱም ዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ዐፄ ዘድንግልና ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። ከመጀመሪያው ንግሥ እስከ መጨረሻው ዕረፍት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1270 እስከ 1667፥ አራት መቶ ዓመት ያህል አለ።

እኛን የገረመን፥ ከእነዚህ የሚበዙት በሕይወታቸው ጽኑ ቤት ያልነበራቸው መሆኑ ነው። የቀደሙት ቤተ መንግሥታቸው ድንኳን ነበር፤ ዘርዐ ያዕቆብ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጠዋል። ዘድንግል በ1604 በጦር ሜዳ ወደቁ። ፋሲለደስ በጎንደር እስከ ዛሬ የቆመ ግንብ ሠሩ፤ ዐፅማቸው ግን እዚሁ ነው። በግራኝ ዘመን የየብስ አድባራት ሲቃጠሉ ለአንዳንድ ደሴቶች ውኃው ቅጥር ሆኗቸው ነበርና፥ ምርጫው አያስደንቅም።

ሴት ወደ ደሴቲቱ ስለማትወጣ፥ እኅቶቻችን ይህን ቤት በወሬ ካልሆነ አያውቁትም።