ከእባቡ አጠገብ የጠፋው ፊደል

በከተሞቻችን ብዙ አፀደ ሕፃናት ግድግዳው ይመሳሰላል። ላም፣ ውሻ፣ ድመትና ዶሮ በቀለም ተሥለው፣ ከሥራቸው የእንግሊዝኛ ስማቸው ይነበባል። ልጆቹ የላሟን «ሙ»፣ የውሻውን «ዉፍ» በአንድ አፍ ይጮኻሉ፤ መምህርቷ ስትገባ ደግሞ ብድግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ይላሉ። የእንስሳት ድምፅና አጭር ሰላምታ ለውጭ ቋንቋ መግቢያ መሆናቸው የቅርብ ጊዜ ፈሊጥ ይመስላል እንጂ ዘመናት ያስቆጠረ ልማድ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ የተከተለ ሰው ግን አንድ ጉድለት ያገኛል። የእንስሳት ድምፅ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የታወቀ ቦታ ያገኘው ልጅ ፊደል እንዲለይበት ነበር። እኛ ዘንድ ጨዋታው ደረሰ፤ ሥራው መንገድ ላይ ቀረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው ምስክር ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ ነው። በ1592 ዛሬ የቼክ ግዛት በሆነችው ሞራቪያ ተወለደ፤ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ከአገሩ ነቅሎት ዕድሜውን በስደት ጨረሰ። በ1658 በኑረምበርግ ከተማ ያሳተመው «ኦርቢስ ፒክቱስ» ዓለምን በሥዕል የሚያሳይ፣ ላቲንና ጀርመንኛን ጎን ለጎን ያስቀመጠ የልጆች መጽሐፍ ነው። በዓመቱ ቻርልስ ሁል የተባለ የለንደን መምህር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። መጽሐፉ ገና ሲገለጥ አንድ ሠንጠረዥ ይገኛል። በመጀመሪያ ትንሽ ሥዕል፣ ቀጥሎ በሁለቱ ቋንቋዎች አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ በመጨረሻ ፊደሉ። ቁራው «አ አ» ሲል ፊደሉ ኤ ነው፤ ግልገሏ «ቤ» ስትል ቢ፤ ዝዩ «ጋ ጋ» ሲል ጂ፤ ድቡ ሲያጉረመርም ኤም፤ ውሻው ጥርሱን አግጥጦ «ኧርር» ሲል አር፤ እባቡ ሲያፏጭ ኤስ። ድመቷ እንኳን በዚህ ገጽ ላይ «ናው» ነው የምትለው፤ የኤን ተራ ስለ ደረሳት! ኮሜኒየስ የእንስሳት ትምህርት እየሰጠ እንዳልነበር የሚያሳየው ደግሞ ሠንጠረዡ ውስጥ እንስሳ ያልሆኑ መኖራቸው ነው። የኤፍን ድምፅ የሚሰጠው የሚነፍስ ነፋስ ነው፤ የኢን የሚያለቅስ ሕፃን፤ የኦን የሚጣራ ጋሪ ነጂ። የእንስሳቱ ስምና ግብር በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ሰፊ ቦታ አላቸው፤ እዚህ የተጠሩት ለድምፃቸው ብቻ ነው። ሐሳቡ የእርሱ ብቻም አልነበረም፤ ቫለንቲን ኢክልዛመር የተባለ ጀርመናዊ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፊደልን ከተፈጥሮ ድምፅ ጋር አያይዞ ማስተማርን መክሮ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ያስፈለገው በላቲን ፊደል ስምና ድምፅ ስለሚለያዩ ነው። ልጅ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብሎ ሲያበቃ «ካት» የሚል ቃል ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስሙን ትቶ ድምፁን የሚሰጠው ነገር ሲፈለግ፣ ልጁ ከቤቱ የሚያውቀው የዝይና የውሻ ጩኸት ተገኘ። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ1658፣ ለጀርመናዊው ሊቅ ለሂዮብ ሉዶልፍ አማርኛ ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ አረፉ። እርሳቸውና ኮሜኒየስ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ፣ ስደተኛው መምህር ዝይም ውሻም የማይፈልግ ፊደል እንዳለ በሰማ ነበር። በእኛ ፊደል «በ» ስሙም ድምፁም «በ» ነው፤ «ቡ» ስሙም ድምፁም «ቡ» ነው። ለዚህ ይመስለኛል የቄስ ትምህርት ቤት የእንስሳ ጩኸት ለማስተማሪያነት ፈልጎ የማያውቀው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የቄስ ተማሪውም ትርጉሙን የማያውቀውን ግዕዝ በዜማ እየሸመደደ ነው ያደገው፤ እርሱን ያልጎዳ ሽምደዳ የዛሬውን ሕፃን ለምን ይጎዳል? የሚል። ሽምደዳ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን የኔታ ሽምደዳውን መፈተኛ ነበራቸው። ልጁ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር ካዜመ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፤ በአቡጊዳ ፊደላቱ ተራቸውን ለቀው፣ ግዕዙ ከካዕቡ፣ ካዕቡ ከሣልሱ ተሰባጥረው ይቆማሉ። ዜማውን ይዞ ፊደሉን ያልያዘ ልጅ እዚያ ይጋለጣል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት ይከተላል፤ በዚያው ፊደል ደግሞ በቤቱ አማርኛ ለተናገረ ልጅ የአማርኛ ደብዳቤ ማንበብ ሩቅ አይደለም። የግድግዳው ላም «ሙ» ግን አቡጊዳ የለውም። ልጁ ድምፁን ካወቀ በኋላ ወዴት እንደሚሄድበት የሚነግረው የለም።

ጨዋታው ከፊደሉ የተፋታው በዘፈን በኩል ይመስለኛል። ዛሬ በየአፀደ ሕፃናቱ የሚዘፈነው የሽማግሌው የማክዶናልድ እርሻ፣ ለዛሬው መልኩ ቅርብ ሆኖ በ1917 የታተመው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በሚዘፍኗቸው መዝሙሮች ስብስብ ውስጥ ነበር፤ ያኔ ግን የገበሬው ስም ማክዱጋል ነበር። የወታደር ማሳለቂያ ለሕፃናት መማሪያ መሆኑ ነውር የለበትም። ይሁንና ዘፈኑ ሲገባ ሠንጠረዡ ወጣ። የቀረው ልጁ በአፉ የሚይዘው ጩኸት ብቻ ነው፤ ጩኸት ደግሞ ሰዎች እንደሚገምቱት ለዓለም ሁሉ አንድ አይደለም። አውራ ዶሮ ለእንግሊዙ «ኮካዱድልዱ»፣ ለፈረንሳዩ «ኮኮሪኮ»፣ ለጀርመኑ «ኪኬሪኪ» ይላል። ለእኛ ልጅ «ኩኩሉ» ነው፤ ድብብቆሽ ሲጫወት ፈላጊው እንደ ዶሮ ጮኾ መንጋት አለመንጋቱን የሚጠይቀው በዚህ ቃል ነው። ላሟም «እምቧ» ነው የምትለው። እንግዲህ «ሙ»ን ማስተማር ልጁ የሚያውቀውን ድምፅ ለፊደል መነሻ ማድረግ መሆኑ ቀርቶ፣ የሚያውቀውን በማያውቀው መተካት ሆነ። ኮሜኒየስ ከታወቀው ወደ አልታወቀው ይሄድ ነበር። በዚያ ላይ አማርኛ ለየእንስሳው የተለየ ግስ አለው፤ አንበሳ ያገሳል፣ ፈረስ ያሽካካል፣ አህያ ያናፋል፣ ውሻ ያላዝናል። የአንበሳን ጩኸት በእንግሊዝኛ ያወቀ፣ «ያገሳል» ሲባል ግን የሚደናገር የከተማ ልጅ ቢገኝ አይገርመኝም።

እንግሊዝኛ ወደ አገራችን የገባበት መንገድም ረጅም ነው። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ከፈረንሳይኛ፣ ከጣልያንኛና ከዓረብኛ ጋር ያስተምር ነበር፤ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ግን ከውጭ ቋንቋዎች የፈረንሳይኛ ሚዛን ይከብድ ነበር። እንግሊዝኛ የበላይነቱን የያዘው ከ1941 በኋላ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አደረገ። ወላጅ ልጁን በእንግሊዝኛ ለሚማርበት ቀን በአራት ዓመቱ ማዘጋጀት ቢሻ አይፈረድበትም፤ የግል አፀደ ሕፃናትም ይህን ፍላጎት ያውቁታል።

ሰላምታውስ? እርሱ የመጣው ከገበያና ከስደት ነው። ዊልያም ካክስተን በ1480 ገደማ ያተመው የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ለነጋዴ የተሰናዳ ሲሆን ሰላምታን ከፊት ያስቀድማል። ዣክ ቤሎ በ1586 ለንደን ላይ ያሳተመው ደግሞ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ ለተሰደዱ ሰዎች ነበር፤ የእንግሊዝኛውን አነጋገር በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ጭምር አስፍሮላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ሰላምታ የተማሩት በማግስቱ ደጅ ወጥተው ለሚያገኙት ሰው ነው። የእኛ ሕፃን በእንግሊዝኛ ሰላም የሚለው መምህርቷን ብቻ ስለሆነ፣ ሰላምታው የክፍል ሥርዓት ሆኖ ይቀራል። ያም ሆኖ እኔ ለእርሱ ክፉ ቃል የለኝም፤ በተለይ «ቲቸር» የምትለዋን እወዳታለሁ። እንግሊዝ አገር ያለ ተማሪ መምህሩን በሙያው ስም አይጠራም። የእኛ ልጅ ግን መምህርን ያለ ማዕረግ መጥራት ስለሚከብደው፣ የኔታን በእንግሊዝኛ አስገብቶታል። እዚህ ልጁ የውጭውን ቃል ለራሱ ሥርዓት አገልጋይ አደረገው፤ «ሙ» ላይ የጎደለውም ይኸው ነው።

«ልጆች ናቸው፣ ይጫወቱበት፤ ሁሉን ነገር ፊደል ማድረግ ለምን አስፈለገ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጨዋታው ይቀጥል እላለሁ፤ ኮሜኒየስም ጨዋታን የሚወድ ሰው ነበር፤ በሥዕል ያስጌጠው መማር ቅጣት እንዳይመስል ነው። የምጠይቀው ጨዋታው አንድ እርምጃ እንዲራመድ ነው። ፊደሉ ስምና ድምፁ አንድ ለሆነለት ልጅ፣ ሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ከአርባ የሚበልጡ ድምፆች እንደሚሸከሙ መገንዘብ ከባድ ነው፤ የእባቡና የውሻው እርዳታ ከእንግሊዙ ልጅ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ወደዚሁ ተመልሰዋል፤ ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች የፊደላትን ድምፅ አዋህደው ማንበብ መቻላቸው በየዓመቱ ይፈተሻል።

ስለዚህ የአፀደ ሕፃናት መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ግድግዳ የምታስጌጡ ሁሉ፣ ላሟ መጀመሪያ «እምቧ» ትበል፤ ልጁ ከንፈሩን ገጥሞ «ም» ሲል ኤምን ከአጠገቧ ጻፉለት። ከእባቡም አጠገብ ኤስን መልሱለት።