የቡዳ ፍርሃት በጣና ዳርቻ

የቡዳ ፍርሃት አንዳንድ ሰዎች በዐይናቸው ሌላውን «ይበላሉ» ከሚል እምነት የሚነሣ ሥጋት ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ በጎጃምና በጎንደር ማኅበረሰቦች ዘንድ ለዘመናት ኖሯል። ተጠርጣሪው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው። ሕመም ሲደራረብ ሥጋቱ ከአንድ ቤት ወጥቶ መንደሩን ሊያዳርስ ይችላል።

እምነቱ
ቡዳ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ያማረ ሕፃንና የቀረበ ምግብ ለዐይኑ የተጋለጡ ናቸው ስለሚባል፣ እናት ለልጇ ክታብ ታስራለች፤ ምግብም ይሸፈናል። ቡዳ በላው የተባለ ሕመምተኛ ሲታጠን ይለፈልፋል፤ የከበቡትም በውስጡ ይናገራል የሚሉትን ቡዳ «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» እያሉ ያፋጥጡታል። ያኔ ከአፉ የወጣው ስም እንደ ማስረጃ ይያዛል። ሌላ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚታሰበው አስቀድሞ የተጠራው ስለሆነ፣ ሥጋቱን የሚያዛምተው ይኸው ስም ነው።

ታሪክ
በቡዳነት ሲታሙ የኖሩት አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ፋቂዎች፣ በጎንደር ዙሪያም ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ማረሻውንና ምጣዱን ከእነሱ የሚያገኘው ገበሬ ጋብቻ ይነፍጋቸው ነበር። በ1770ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ፣ ሌሊት ከተማዋን የሚወሩት ጅቦች ከተራራው የወረዱ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው ሲባል መስማቱን ጽፏል።

ዘጌ
ከባሕር ዳር ማዶ ባለው የዘጌ ልሳነ ምድር የቡናው ደን በባሪያ ጉልበትም ይለማ ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም፣ የባሪያ ዘር የተባሉ ሰዎች በቡዳነት መጠርጠራቸው አልቀረም። በ2000 ዓ.ም. ግድም በዚያ የኖረው አንትሮፖሎጂስት ቶም ቦይልስተን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ለቡዳ ቀውስ ሰጥቶ ፍርሃቱን ከባርነት ታሪክ ጋር አያይዞታል።

ተመሳሳይ ክስተቶች
በማሳቹሴትስ ሴለም እ.ኤ.አ. በ1692 የሚንፈራገጡ ልጃገረዶች በጠሩት ስም የተጀመረው የጥንቆላ ክስ 19 ሰዎችን ለስቅላት ዳርጓል። አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 በመድረክ የቀረበውን «ዘ ክሩሲብል» ተውኔት ከዚህ ታሪክ ሲጽፍ፣ ያነጣጠረው በዘመኑ በአሜሪካ በነበረው የኮሚኒስት አደን ላይ ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆች ሊመርዙ ነው» በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገድለዋል። እንደ ቡዳ ሥጋት ሁሉ እዚህም ክሱ ያረፈው በልጆች ደኅንነት ላይ ነው፤ ተጠርጣሪዎቹ ግን ጎረቤት ሳይሆኑ እንግዶች ነበሩ።